ያልተጠየቀው የቤት ቋንቋ፦ የዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ስለሚያሳድጉ ወላጆች በተደረገ ጥናት ላይ የቀረበ ሂስ

በአገራችን የአእምሮ ዕድገት ውስንነትና ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ ወላጆችን ኑሮ በቁጥር አስደግፈው ካቀረቡት ጥቂት ጥናቶች አንዱ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው የደጀኔ ጥላሁንና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። ጥናቱ በአዲስ አበባ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ልጆቻቸውን ያሳክሙ የነበሩ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቋል። የጥያቄዎቹም ርእስ የሚደርስባቸው መገለል፣ ስለ ሕመሙ መንስኤ ያላቸው እምነት፣ ያልተሟላላቸው ፍላጎትና ችግሩን የሚቋቋሙበት መንገድ ነበር። በዚህ ዘርፍ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ሁሉ ዛሬም ሊያነበው የሚገባ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ አንድ መልካም ጥናት በየጽሑፉ መጠቀሱ ብቻ አይበቃውም፤ በሚገባ ተመርምሮ፣ ያሳየውና ያላሳየው ተለይቶ ሲነበብ ነው ጥቅሙ የሚበዛው። የዚህ ሂስ ዓላማም ይኸው ነው።

ጥናቱ ያገኘው

ከተጠየቁት አሳዳጊዎች መካከል 45.1 በመቶው በልጃቸው ሁኔታ ኀፍረት እንደሚሰማቸው፣ 43.1 በመቶው ደግሞ ሰው በተለየ ዓይን እንዳያያቸው እንደሚሰጉ ገልጸዋል። ስለ መንስኤው ሲጠየቁ 40.2 በመቶው በመንፈስ መያዝን፣ 30.4 በመቶው የጭንቅላት ጉዳትን፣ 27.5 በመቶው ኀጢአትን፣ 25.5 በመቶው በወሊድ ጊዜ የደረሰን ችግር ጠቅሰዋል። ችግሩን ለመቋቋም የረዳቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ 86.3 በመቶው ከጤና ባለሙያ ጋር መነጋገር፣ 85.3 በመቶው ከቤተሰብ ጋር መነጋገር፣ 57.8 በመቶው ጸሎት ብለዋል። ያልተሟላላቸውን ፍላጎት በተመለከተ ግን ቀዳሚው መልስ ሕክምና አልነበረም። 74.5 በመቶው፣ ማለትም ከ102ቱ 76ቱ፣ የልጃቸውን ትምህርት አስቀድመዋል። ሕክምና በ47.1 በመቶ፣ የገንዘብ ድጋፍ በ30.4 በመቶ ይከተላሉ።

የጥናቱ ትልቁ ጥንካሬ ይህን የመጨረሻውን ውጤት በግልጽ ማስቀመጡ ነው። በሕክምና ወረፋ ላይ የተቀመጠች እናት ከሐኪሙ በፊት መምህር እንደምትፈልግ ተናግራለች። ይህም ሆኖ ኀዘኗን ያቀለለላት ከጤና ባለሙያው ጋር መነጋገሯ መሆኑንም ያው ጥናት ያሳያል። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲነበቡ የጤና ባለሙያው ኀላፊነት ወለል ብሎ ይታያል። እናቲቱ የምታምነው ባለሙያ የምትፈልገውን ነገር በእጁ አልያዘም፤ ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድ ግን ሊከፍትላትም ሊዘጋባትም ይችላል።

ስለ መንስኤ የተሰጡት መልሶች አነባበብ

ጥናቱን በችኮላ የሚያነብ ባለሙያ 40.2 በመቶ የሚለውን ቁጥር ይዞ «ወላጆቻችን ገና በመንፈስ ያምናሉ» ወደሚል ድምዳሜ ሊሮጥ ይችላል። ይህ ስሕተት ነው። ከላይ የተጠቀሱት አራት መልሶች ብቻ ቢደመሩ ከ100 በመቶ ያልፋሉ፤ እንግዲያው ቢያንስ የተወሰኑት አሳዳጊዎች ከአንድ በላይ መንስኤ ሰጥተዋል ማለት ነው። በወሊድ ጊዜ ልጇ መታፈኑን የምታውቅ እናት፣ ያው ልጅ በአራት ዓመቱ ስሙ ሲጠራ ዞር አለማለቱን ስታይ መንፈስንም ትጠረጥራለች። ሁለቱ አስተሳሰቦች በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ባለሙያው አንዱን ለመትከል ሌላውን መንቀል ግድ ይለኛል ብሎ ካሰበ እናቲቱን ያጣታል።

በጥናቱ ውስጥ ከባህላዊና ከሃይማኖታዊ ተቋማት እርዳታ በፈለጉ አሳዳጊዎች ዘንድ የመገለል ስሜት ከፍ ብሎ ታይቷል። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድም እንዲሁ ከፍ ያለ መሆኑ ተመዝግቧል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ጥናቱ በአንድ ወቅት የተደረገ ቅኝት በመሆኑ የትኛው ቀድሞ የትኛውን እንዳስከተለ ሊነግረን አይችልም። ጸበል ቦታ መሄድ መገለልን አብዝቶ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ከጎረቤት ዓይን መሸሽ የፈለገች፣ መገለሉ የከበደባት እናት ናት ወደ እንጦጦ ተራራ የምትወጣው። ሁለተኛው ትርጓሜ እውነት ከሆነ ጸበልን የሚያወግዝ የጤና ትምህርት የተጎዳችውን መልሶ መጉዳት ይሆናል። በኤች.አይ.ቪ. ዘመን ከዚያው ከእንጦጦ የተገኘው ትምህርት ሊረሳ አይገባም። በ2007 እ.ኤ.አ. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸው የባለሙያዎች ወቀሳ ብቻውን ሊያደርገው ያልቻለውን ሥራ አግዟል።

ያልተጠየቀው ጥያቄ

የሂሱ ዋና ነጥብ ግን ሌላ ነው። ጥናቱ በማጠቃለያው ሃይማኖትን፣ ስለ መንስኤ ያለ እምነትንና እርዳታ የተፈለገበትን ቦታ ከመገለል ጋር አገናኝቶ ሲያቀርብ፣ በቤት ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ ከዚህ ሁሉ ጋር አላነሣም። የልጁ ዋና ችግር አለመናገር ወይም ዘግይቶ መናገር ሆኖ ሳለ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚነገረው ሳይታወቅ የቀረበ ሥዕል ጎዶሎ ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት የአዲስ አበባ ነዋሪዎች 71 በመቶው አፍ የፈቱት በአማርኛ ነበር። 10.7 በመቶው በኦሮምኛ፣ 8.4 በመቶው በጉራጊኛ፣ 3.6 በመቶው በትግርኛ፣ 1.8 በመቶው በስልጢኛ፣ 1 በመቶው በጋሞኛ አፍ ፈትተዋል። በጥናቱ የተሳተፉት 102 አሳዳጊዎች የዚያን ጊዜዋን ከተማ ቢመስሉ ኖሮ ወደ 30 የሚሆኑት ከአማርኛ ሌላ አፍ መፍቻ ቋንቋ ይኖራቸው ነበር። እርግጥ ነው፣ 102 ሰዎችን በቋንቋ ከፋፍሎ በስታቲስቲክስ መተንተን አይቻልም የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢም ክርክር ነው። ነገር ግን መተንተን አለመቻል አለመጠየቅን አያስከትልም። በተጨማሪም ጥናቱ ያገኛቸው ክሊኒክ የደረሱትን ብቻ ነው። ወዴት መሄድ እንዳለባት የሚነግራት ሰው ያጣች፣ በካርድ ክፍል መስኮት ላይ ራሷን ማስረዳት ያቃታት እናት ከመጀመሪያውም በ102ቱ ውስጥ የመቆጠር ዕድሏ የጠበበ ነው።

ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲና አያት በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ጉርድ ሾላ የምትኖር አንዲት እናት ለምሳሌ ትታሰብ። ከሰንዳፋ አካባቢ የመጣች፣ ባሏ በግንባታ ሥራ የሚተዳደር፣ በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት የምትኖር ናት። የአምስት ዓመት ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ትገባለች። ነርሷ «እናት፣ ልጅዎ ስንት ቃላት ይናገራል?» ስትላት እናቲቱ አንገቷን ትደፋና «አይናገርም» ትላለች። ልጁ ሲጠማው «ቢሻን» ይላል፤ እኅቱ ስትርቅበት «ኮቱ» ብሎ ይጠራታል። እናቲቱ ግን የተጠየቀችው ስለ አማርኛ መስሏታል፤ ነርሷም ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም። በካርዱ ላይ «ንግግር የለውም» ተብሎ ይጻፋል። ያ ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ በወረቀት ላይ ዲዳ ነው።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ አንድ ሊጤን የሚገባ ነገር አለ። ኦሮምኛ በአገሪቱ እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚናገረው ቋንቋ ነው፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ከአፋርኛ፣ ከሶማሊኛና ከትግርኛ ጋር ለፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋነት እንዲታጭ ተወስኖለታል። ተናጋሪዋ በክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ግን አናሳ ናት። አናሳነት በሕዝብ ብዛት ብቻ የሚለካ አይደለም፤ ባለሙያው ከሚናገረው ቋንቋ አንጻርም ይለካል። በሽሮ ሜዳ ከሚኖሩት የጋሞ ሸማኔዎች ቤት ለመጣች እናት፣ ወይም ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክማ ለምትወርድ ሴት ክፍተቱ የባሰ ነው፤ ቋንቋዋን የሚያውቅ ሰው በጤና ጣቢያው ውስጥ የማግኘት ዕድሏ እጅግ ያነሰ ነውና።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ይህ ችግር በእኛ የተጀመረ አይደለም። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት በ1970 እ.ኤ.አ. በስምምነት በተቋጨው የዲያና ክስ፣ ቤታቸው ስፓኒሽ የሚነገርባቸው ልጆች በእንግሊዝኛ ተፈትነው የአእምሮ ዝግመት አለባቸው በሚል ወደ ልዩ ክፍል መግባታቸው ተጋልጧል። ከዚያ በኋላ ግዛቲቱ ልጆችን አፍ በፈቱበት ቋንቋ መመርመር ግዴታዋ ሆነ። በእንግሊዝም በ1971 እ.ኤ.አ. በርናርድ ኮርድ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ለዝግመተኞች በተለዩ ትምህርት ቤቶች ከመጠን በላይ መታጎራቸውን አሳይቶ ነበር። በሁለቱም አገሮች ስሕተቱን በሰነድ አጽድቀው ያለፉት ባለሙያዎች ናቸው፤ ልጄ እንዲህ አይደለም ብለው የተሟገቱት ደግሞ ወላጆች ነበሩ።

ከእኛው ቀንድ የሄዱ እናቶች የገጠማቸው ነገር ደግሞ ሌላውን የችግሩን ገጽ ያሳያል። በሚኒያፖሊስ ከተማ የሚኖሩ የሶማሌ እናቶች ልጆቻቸው በብዛት በኦቲዝም እየተያዙ መሆናቸውን ከባለሙያዎች ቀድመው አሰሙ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ2013 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት ከ32 የሶማሌ ልጆች አንዱ፣ ከ36 ነጭ ልጆችም አንዱ ኦቲዝም እንደተገኘበት ታወቀ፤ ልዩነቱ ያን ያህል አልነበረም። ኦቲዝም በተገኘባቸው የሶማሌ ልጆች ዘንድ ግን የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አብሮ የመገኘቱ ነገር ጎልቶ ታይቷል። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ባሉት ዓመታት ባዶ የቀረውን ቦታ የክትባት ተቃዋሚዎች ሞሉት። በሚኒሶታ በሁለት ዓመት የሶማሌ ልጆች ዘንድ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት ሽፋን በ2004 እ.ኤ.አ. ከነበረበት 92 በመቶ በ2014 እ.ኤ.አ. ወደ 42 በመቶ አሽቆለቆለ። በ2017 እ.ኤ.አ. በተነሣው የኩፍኝ ወረርሽኝ 75 ሰዎች ሲታመሙ ብዙዎቹ የሶማሌ ልጆች ነበሩ። በቋንቋዋ መልስ ያላገኘች እናት ጥያቄዋን ይዛ ዝም አትልም፤ መልስ ወዳለው ሰው ትሄዳለች፤ መልሱ ሐሰት ቢሆንም እንኳ።

«በአንድ ቋንቋ ብቻ ያናግሩት» የሚለው ምክር

በክሊኒኮች ከሚሰጡ ምክሮች መካከል በደግ ልብ ተሰጥቶ ብዙ የሚጎዳው ይህ ነው። መናገር የዘገየ ልጅ ሁለት ቋንቋ ይምታታበታል በሚል ስጋት እናት የቤቷን ቋንቋ እንድትተው ትመከራለች። ሐሳቡ ለሰሚው ምክንያታዊ ይመስላል፤ ማስረጃ ግን አልተገኘለትም። በ2012 እ.ኤ.አ. ሃምብሊና ፎምቦን በካናዳ ኦቲዝም ባለባቸው 75 ልጆች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ በሁለት ቋንቋ የሚያድጉት ልጆች በአንድ ቋንቋ ከሚያድጉት የበለጠ የቋንቋ መዘግየት አልታየባቸውም። ምክሩ የሚያስከትለው ጉዳት ግን የሚታይ ነው። አማርኛዋ ለገበያ የሚበቃ ብቻ የሆነ እናት በዚያ ቋንቋ ልጇን አታቆላምጥም፣ ተረት አትነግርም፣ እሹሩሩ አትልም። ቋንቋዋን ስትነጠቅ ዝም ትላለች። ለንግግር ከማንም በላይ ማነቃቂያ የሚያስፈልገው ልጅ በዚህ ምክንያት በፀጥታ ቤት ውስጥ ያድጋል። አያቱና አጎቶቹም ከእርሱ ጋር የሚግባቡበትን ብቸኛ ቋንቋ ያጣሉ።

በእጃችን ያለው ሀብትና ጉድለቱ

በአገር ውስጥ የተሠራውን መርሳት ፍትሐዊ አይሆንም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥተው በ2002 እ.ኤ.አ. የጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ አቋቋሙ። በ2021 እ.ኤ.አ. እስካረፉበት ጊዜም ኦቲዝም የሚለው ቃል በአገሪቱ እንዲታወቅ ደክመዋል። የፊደል ገበታን ድምፅ መሠረት አድርገው ያዘጋጁት የአቡጊዳ የንግግር ማስተማሪያ ዘዴ፣ ልጅን በራሱ ቋንቋ ድምፆች ማስተማር ምን ያህል ኀይል እንዳለው የሚያሳይ ሥራ ነው። ከዚሁ ሥራ የሚመነጨው ጥያቄም ግልጽ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪው ልጅ የተሠራው በሌሎች ቋንቋዎች አፍ ለሚፈቱትስ መቼ ይሠራል?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው የክህሎት ሥልጠናም ለኢትዮጵያ ተስማምቶ በአማርኛ ተዘጋጅቷል፤ የሙከራው ውጤት በ2020 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሥልጠናው በዘጠኝ የቡድን ስብሰባዎችና በሦስት የቤት ጉብኝቶች የሚሰጥ ሲሆን፣ የልዩ ሐኪም እጥረት ባለበት አገር ልዩ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች ሊሰጡት መቻላቸው ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና ሥልጠናው ሁሉ የሚያርፈው እናት ከልጇ ጋር በየዕለቱ በምትለዋወጠው ቃልና ምልክት ላይ ነው። ቡድኑ የሚወያይበት ቋንቋና እናቲቱ ቤቷ ስትገባ የምትናገርበት ቋንቋ ከተለያዩ ትምህርቱ ደጃፍ ላይ ይቀራል። ሦስቱ የቤት ጉብኝቶች ይህን ክፍተት ለማየት የተመቹ ናቸው፤ ጎብኚው በየትኛው ቋንቋ እንደሚጫወቱ ካልጠየቀ ግን አያየውም።

ወረቀቱና ትምህርት ቤቱ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የመማርን መርሕ አስቀምጧል። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ24ኛው አንቀጹ አካቶ ትምህርትን መብት አድርጎታል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ በኦሮምኛ የሚያስተምሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። አንድ ልጅ የሁለቱም መብቶች ባለቤት ሲሆን፣ ማለትም አካል ጉዳተኛም ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ ተናጋሪም ሲሆን፣ መብቶቹ እርስ በርስ የሚጋፉበት ጊዜ አለ። ልዩ ክፍሉ ያለበት ትምህርት ቤት የልጁን ቋንቋ አያውቅም፤ ቋንቋውን የሚያውቀው ትምህርት ቤት ልዩ ክፍል የለውም። ይህን እንቆቅልሽ ፍቺ ተብላ የምትላከው እናት ናት።

የጤና ባለሙያው በዚህ ጉዳይ ላይ ያለው ሥልጣን ከሚያስበው በላይ ነው። ትምህርት ቤት የሐኪም ማስረጃ ሲጠይቅ፣ በማስረጃው ላይ የሰፈረው ቃል ልጁን ለዓመታት ይከተለዋል። «የአእምሮ ዝግመት፣ ንግግር የለውም» የሚል ሁለት ሐረጎች ያሉት ወረቀት ለመምህሩ የሚያስተላልፈው መልእክት «ከዚህ ልጅ ምንም አይጠበቅም» የሚል ነው። «ቤቱ ኦሮምኛ ይነገራል፤ በኦሮምኛ ወደ አሥር የሚጠጉ ቃላት ይጠቀማል፤ መስማቱ ተመርምሯል፤ ትእዛዝ በምልክት ሲሰጠው ይፈጽማል» የሚል ወረቀት ግን መምህሩ ከየት እንደሚጀምር ይነግረዋል። ሁለተኛውን ወረቀት ለመጻፍ አዲስ መሣሪያ፣ አዲስ መድኃኒት ወይም አዲስ በጀት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሦስት ተጨማሪ ጥያቄና አምስት ደቂቃ ነው።

እነዚህም ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ቤት ውስጥ ማን በየትኛው ቋንቋ ያናግረዋል? በሁሉም ቋንቋዎች ተደምሮ ስንት ቃላት አሉት፣ የሚፈልገውንስ በምን ያስታውቃል? ጆሮው ተመርምሯል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ሊዘለል አይገባም፤ የመስማት ችግር ያለበት ልጅ በአእምሮ ዕድገት ውስንነት ወይም በኦቲዝም ስም ሊመዘገብ ይችላልና። አስተርጓሚ ሲያስፈልግም የልጁን ታላቅ እኅት ወይም ጎረቤትን መጠቀም እናቲቱ በሰው ፊት የማትለውን እንድትደብቅ ያደርጋታል። ከመቶ አሳዳጊዎች 45ቱ ኀፍረት እንደሚሰማቸው የነገረን ይኸው ጥናት መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ከጤና ጣቢያው ሠራተኞች መካከል ማን የትኛውን ቋንቋ እንደሚናገር የሚያሳይ ዝርዝር በካርድ ክፍል ቢለጠፍ የችግሩ ግማሽ ይቃለላል፤ የጽዳት ሠራተኛዋና የጥበቃ ሠራተኛው ጭምር ተመዝግበውበት፣ ምስጢር ስለ መጠበቅ ምክር ተሰጥቷቸው።

በየካ ክፍለ ከተማ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው የኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታልና መምህራንን በማሠልጠን የሚታወቀው የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ጎረቤታሞች ናቸው። ጤናና ትምህርት በአንድ ሰፈር ሆነው፣ በመካከላቸው ደብዳቤ ይዛ፣ በአንድ እጇ ልጇን እየጎተተች የምትመላለሰው ግን እናቲቱ ናት። የደብዳቤውን ይዘት አስተካክሎ መጻፍ የባለሙያው ድርሻ ነው።

ማጠቃለያ

የ2016 እ.ኤ.አ. ጥናት እናቶች የሚሹት ትምህርት፣ የሚያጽናናቸው ደግሞ የጤና ባለሙያ መሆኑን አሳይቷል፤ ለዚህም ሊመሰገን ይገባዋል። ስለ መንስኤ የተሰጡትን መልሶች እንደ ድንቁርና መረጃ፣ በሃይማኖትና በመገለል መካከል የታየውን ግንኙነት ደግሞ እንደ ምክንያትና ውጤት አድርጎ ማንበብ ግን ጥናቱ ከሚፈቅደው በላይ መሄድ ነው። ከሁሉም በላይ የሚቀጥለው ተመራማሪ የቤት ቋንቋን በመጠይቁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከዕድሜና ከጾታ ጎን ሊያሰፍረው ይገባል። ክሊኒክ ያልደረሱትን እናቶችም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል ቤታቸው ሄዶ መፈለግ ይኖርበታል።

በጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ ግን የሚቀጥለውን ጥናት መጠበቅ አያሻውም። ከጉርድ ሾላ የመጣችው እናት ነገ ጠዋት ወረፋ ላይ ትሆናለች። «ቤት በምን ቋንቋ ነው የምታናግሩት?» የሚለው ጥያቄ ከቀረበላት፣ «አይናገርም» የተባለው ልጅ «ቢሻን» ማለቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለባለሙያ ትናገራለች። የልጁም ትምህርት ከዚያች ቃል ይጀምራል።